ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው ብረት

ዘነበች ባትነዘንዘኝ ኖሮ ይህን አልጽፈውም ነበር። ባለቤቴ ናት፤ አዳማ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት። ፊደሌን ታርምልኛለች፤ ነገሩን ግን አንድም ቦታ እንዳታለዝብብኝ አስምያታለሁ። እንደሆነው ነው የምነግራችሁ።

ስሜ ሽፈራው ይባላል። ከጅቡቲ ወደብ ጭነት እያመጣሁ ተሳቢ መኪና ስነዳ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ መሪ ከያዝኩ ሃያ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ነገሩ በደረሰብኝ ጊዜ በቀን ሁለት ፓኬት ሲጋራ የምጨርስ፣ መንገድ የዘጋብኝን ባጃጅ ሳልሰድብ የማላልፍ ግልፍተኛ ነበርኩ። ሲጋራ አቁሜያለሁ ብዬ ዘነበችን ስንት ጊዜ እንዳታለልኳት እሷው ትቁጠረው። ከወለንጪቲ ጀምሮ የመኪናውን መስኮት ከፍቼ ልብሴን አናፍሳለሁ፤ አዳማ ስገባ ማስቲካ አኝካለሁ፤ ጣቶቼን በሎሚ አሻለሁ። እሷ ዝም ትለኛለች። እኔ ሞኙ ያመነችኝ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ የግራ እግሬ ትንሿ ጣት ጠቆረች። ጫማው ነው ብዬ ተውኳት። ቁስሉ መሽተት ሲጀምር ዘነበች እየጎተተች አዲስ አበባ አንድ የደም ስር ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ሐኪሙ ሸምገል ያለ፣ ብዙ የማያወራ ሰው ነው። ወደ እግሬ የሚወርዱት የደም ስሮች እየተዘጉ መሆናቸውን፣ የሚዘጋቸውም ሲጋራው መሆኑን ነገረኝና ሁለት ጣቶቼን ቆረጠ። ከወራት በኋላ ሦስተኛዋ ጣት ላይ ሌላ ቁስል ወጣ። ተመልሰን ስንሄድ ቁስሉን አየት አደረገና ወደ ዘነበች ዞሮ አሁንም ያጨስ እንደሆነ ጠየቃት። እኔን አልጠየቀኝም። እሷ አንገቷን ደፋች።

«ስማኝ ሽፈራው» አለኝ። «ከዚህ በኋላ የምንቆርጠው ጣት አይደለም። ከጉልበትህ በታች ነው። ሲጋራው ከቆመ እግርህን እናተርፈው ይሆናል፤ ካልቆመ ግን የምሰጥህ መድኃኒት ሁሉ ከንቱ ነው።»

ግራ እግር ማለት ለሹፌር ማርሽ ሲቀይር ፍሪሲዮን የሚረግጥበት እግር ነው። ያለ እሱ እኔ ምንድን ነኝ? ከመንዳት በቀር የማውቀው ሥራ የለኝም። ከመኪና ወርጄ ቤት ስቀመጥ ደግሞ በሁለተኛው ቀን ከግድግዳ ጋር የምጣላ ሰው ነኝ።

ሞከርኩ እኮ፤ አልሞከረም እንዳትሉኝ። ስለት ተሳልኩ፣ ጠበል ተጠመቅሁ፣ የታዘዘልኝን እንክብል ዋጥኩ። ከሁሉም የረዘመው አስራ አንድ ቀን ነው። በአስራ ሁለተኛው ቀን አዋሽ ላይ ፍተሻ ቆመን ስንጠብቅ ከጎኔ ያለው ሹፌር ሲለኩስ አየሁት፤ ከእጁ ነጥቄ ጨረስኩት። ሰውየው ሌላ ለኮሰልኝ።

ዘነበች ስለ ማሽኑ የሰማችው ያን ሰሞን ነው። የአንዷ ባልደረባዋ ባል በድባቴ ሲሰቃይ ቆይቶ እዚሁ አዳማ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ በማግኔት ታክሞ ተሽሎታል። ያው ሕክምና ሲጋራ ለማቆምም ያግዛል ተብላ እየሮጠች መጣች። እኔ መጀመሪያ የመሰለኝ ሰው አስረው በኤሌክትሪክ የሚያንዘፈዝፉት ነገር ነበር። ያገኘናት ዶክተር ግን በዕድሜ ልጄ ልትሆን የምትችል፣ ድምጿ ዝግ ያለ ሴት ናት። ቁጭ አድርጋ በደንብ አስረዳችን። ራስ ላይ የሚጠለቅ የወታደር የራስ ቁር የመሰለ ነገር አለ፤ ውስጡ ኃይለኛ ማግኔት የሚፈጥር ሽቦ ተጠምጥሟል። ቆዳ አይበሳም፣ አጥንት አይከፈትም፣ ማደንዘዣ አይሰጥም። ማግኔቱ ቶሎ ቶሎ እየመታ ከሱስ ጋር የተያያዘውን የአእምሮ ክፍል ያነቃቃል፤ ሲደጋገም አምሮቱ ሊቀንስ ይችላል። ለሦስት ሳምንት ከቅዳሜና እሑድ በቀር በየቀኑ መመላለስ ነው፤ ከዚያ በሳምንት አንዴ።

«ለአንዳንዱ ሰው ይረዳል፣ ለአንዳንዱ አይረዳም» አለችኝ። «የሚያቆሙት እርስዎ ነዎት። ማሽኑ ያግዝዎታል።»

እኔ የሰማሁት ይረዳል የሚለውን ብቻ ነው። በልቤ እግሬ ተረፈ ብያለሁ።

አንድ ነገር ግን ጠበቅ አድርጋ ተናገረች። ጭንቅላቱ ውስጥ ብረት ያለበት ሰው ይህን ሕክምና ማድረግ አይችልም። ማግኔቱ ብረቱን ሊያንቀሳቅሰው ወይም ሊያግለው ይችላል፤ ብረቱ አእምሮ አጠገብ ከሆነ የሚመጣው ጉዳት መመለሻ የለውም። ይህን ብላ ቅጽ እንድንሞላ ወደ ነርሷ ላከችን።

እዚህ ላይ ስለ እኛ ስለ ሹፌሮች አንድ ነገር እወቁልኝ። መንጃ ፈቃድ ለማሳደስ የጤና ምርመራ ስንሄድ ለማንኛውም ጥያቄ መልሳችን አንድ ነው። ስኳር? የለም። ግፊት? የለም። ራስን መሳት? የለም። አንዱ ላይ «አለ» ያልክ ቀን ከመሪው ትወርዳለህ፤ ልጆችህ ምን ይበላሉ? ስለዚህ ጥያቄው ሳያልቅ «የለም» እንላለን። አብሮን አድጓል።

ነርሷ መጠየቅ ጀመረች፤ እኔም እንደለመድኩት የለም፣ የለም እያልኩ ወረድኩ። ጭንቅላቴ ውስጥ ፍንጣሪ፣ ጥይት ወይም ሌላ ብረት እንዳለ ስትጠይቀኝም የለም አልኳት። ዘነበች አጠገቤ ተቀምጣ ቦርሳዋን አቅፋለች። ፈረምኩ።

ነበር እኮ። ከአስራ ዘጠኝ ዓመት በፊት መተሐራ ላይ ጎማ ሲነፋ ፈንድቶ የብረት ፍንጣሪ ከግራ ጆሮዬ በላይ አጥንቴ ውስጥ ገብቷል። ያከመኝ ሐኪም ማውጣቱ ከመተዉ ይብሳል ብሎ ቁስሉን ሰፍቶ ተወው። ዘነበችን ያገባኋት ከዚያ በኋላ ነው፤ ጠባሳውን ስታይ የመኪና መስታወት ነው አልኳት። እውነቱን ብነግራት እንዴት እንደገባ ትጠይቀኛለች። እኔ ደግሞ ያን ጥያቄ ለማንም መመለስ አልፈልግም ነበር። አሁን ታዲያ ከአስራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ምስጢሩን ላውጣው? ላውጣውና እግሬን ልጣ?

ቀጠሮው ለሰኞ ተቆረጠ። ቅዳሜ ዕለት ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁና ፍረዱኝ። ዘነበች ገበያ ስትወጣ ከመኪናዬ የዕቃ ሳጥን ውስጥ፣ ሞተር ስር የወደቀ ብሎን የማነሳበትን ማግኔት አወጣሁ። ግቢ ውስጥ ተቀምጬ ከጆሮዬ በላይ ጠባሳው ላይ ለጠፍኩት። ወዲህ አልኩት፣ ወዲያ አልኩት፤ አልያዘም፣ አልጎተተም። አለቀ፣ ደህና ነው አልኩ። መኪና እንደምፈትሽ ጭንቅላቴን ፈትሼ ጨረስኩ። ስንት ዓመት ሞተር የበተነ ሰው የዚያን ማሽን ጉልበት በብሎን ማንሻ ይለካል ብላችሁ ታምናላችሁ? እኔ ለካሁ። ደስ ብሎኝም ሁለት ሲጋራ አጨስኩ፤ ከሰኞ በኋላ አቆም የለ።

ሰኞ ጠዋት ገባን። ክፍሉ ጠባብ፣ ንጹሕ ነው፤ መሀሉ ላይ የጥርስ ሐኪም ቤት ያለውን የመሰለ ወንበር አለ፤ ከጎኑ ማሽኑ፣ ከማሽኑ በክንድ የተንጠለጠለው ቁር። ብረት የሆነ ነገር ሁሉ ከላያችን እንድናወርድ ታዘዝን። ሰዓቴን፣ ቀበቶዬን፣ ቁልፌን ነርሷ በሳህን ተቀበለችኝ። ዘነበች ገና ልጅ ሳለች ያጠለቀችውንና አውልቃው የማታውቀውን የአንገት መስቀሏን ፈታች። ዶክተሯ እሷ ራቅ ብላ ስለምትቀመጥ ግድ እንደሌለው ነገረቻት። እሷ ግን «በኔ ሰበብ እንዳይጎዳብኝ» ብላ ሳህኑ ላይ አስቀመጠችው። ቢሆንም አፌን አልከፈትኩም።

ከዚያ ዶክተሯ የማልጠብቀውን ነገር አደረገች። አምጣ የተባልኩትን የራሴን ሲጋራና ክብሪት ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። ሕክምናው የሚጀምረው አምሮቱን በመቀስቀስ ነው፤ ማግኔቱ የሚመታው አምሮቱ ነቅቶ ሳለ ነው። አንዷን አውጥቼ እንዳሸታት፣ ዓይኔን ጨፍኜም ሲጋራ ከሁሉም በላይ የሚያምረኝ የት እንደሆነ እንዳስብ ነገረችኝ።

«መተሐራ» አልኩ፤ ሳላስበው ወጣ።

ቤቴ ወይም ቡና ቤት እላታለሁ ብላ ጠብቃ ነበር መሰለኝ። መተሐራ ምን እንዳለ ጠየቀችኝ። ምንም የለም፣ መንገድ ነው አልኳት። ከተማው መግቢያ ላይ ያለው ሐይቅ ጋ ስደርስ እለኩሳለሁ፤ ከተማውን አልፌ እስክወጣ ሦስት አጨሳለሁ፤ ቆሜ አላውቅም። ዘነበች ቀና ስትል ወንበሯ ሲንቋቋ ሰማሁ። የሹፌር ሚስት ናት፤ በዚያ መስመር የሚሄድ ሰው ሁሉ ምሳውን መተሐራ እንደሚበላ ታውቃለች።

«የመጀመሪያዋን ሲጋራ የት እንዳጨሱ ያስታውሳሉ?» አለችኝ ዶክተሯ።

«እዚያው። አደጋ ደርሶ አንድ ሹፌር ለኩሶ ሰጠኝ።»

«እሺ። ዓይንዎን ሳይገልጡ እዚያው ይቆዩ።»

ቆየሁ። ወገኖቼ፣ አስራ ዘጠኝ ዓመት የሸሸሁትን ቦታ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ አየሁት።

የበዓል ዋዜማ ነበር። እኩለ ቀን ላይ መተሐራ ስደርስ የተሳቢው የኋላ ጎማ ተነፈሰ። ገመቹ የሚባል ጎሚስታ ከመንገዱ ዳር ይሠራ ነበር፤ ጨዋታ የሚወድ፣ ሥራ ላይ ግን የማይቸኩል ሰው። በዚያን ጊዜ የነበሩት የትልቅ መኪና ጎማዎች ቸርኬ በሚባለው የብረት ክብ ላይ የሚያዙት በብረት ቀለበት ነው። ቀለበቱ ቦታውን ሳይዝ ንፋስ ከተሞላ ተፈንቅሎ ይወጣል፤ ፊቱ ያገኘውን ይገድላል። ስለዚህ ገመቹ ከመንፋቱ በፊት ጎማውን ዙሪያውን በወፍራም ሰንሰለት ያስረዋል። ያን ቀን ሰንሰለቱን ሰው ተውሶት ከመንገዱ ማዶ ነበር።

«ሰንሰለቱን ላምጣ፤ ትንሽ ጠብቀኝ» አለኝ።

እኔ ቸኩያለሁ። አዳማ ከጓደኞቼ ጋር ቅርጫ ገብቻለሁ፤ በሬው ሳይከፋፈል ልድረስ ብዬ ልቤ ቆሟል። «ተወው፣ ንፋውና እንሂድ» አልኩት። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ እንደ ልማዴ። እሱም ሳቅ ብሎ ጎንበስ አለ።

ከዚያ በኋላ የማስታውሰው መሬት ላይ መቀመጤን ነው። ገመቹ ማዶ ወድቋል፤ ሰዎች ነጠላ አልብሰውታል። ከጆሮዬ በላይ ደም ይወርዳል። አንድ የማላውቀው ሹፌር ሲጋራ ለኩሶ ከንፈሬ ላይ አደረገልኝ። ሳብኩት። ጩኸቱ ራቀልኝ። ፖሊስም አደጋ ነው ብሎ ዘጋው፤ ስለ ሰንሰለቱ የጠየቀኝ የለም። ለቅሶ ሳልደርስ ቀረሁ። በምን ፊቴ እደርሳለሁ?

ዓይኔን ስገልጥ ሲጋራዋ ጣቶቼ መሀል ተሰብራለች። ዶክተሯ ቁሩን በሁለት እጇ ይዛ ከፊቴ ቆማለች። አምሮቱ ነቅቷል። ይምጣ ብቻ፣ ይምታኝና ያውጣልኝ ብዬ ራሴን ዝቅ አደረግሁላት።

እሷ ግን ቁሩን አላጠለቀችልኝም።

«አደጋ ደርሶብኝ ነበር ብለውኛል» አለች። «ያኔ ጭንቅላትዎ ተመትቶ ይሆን? ፍንጣሪ ነገር ገብቶ ሳያውቁት ቀርተው ሊሆን ይችላል። ራጅ ብናስነሳዎት ይሻላል። ሁለት ቀን ቢዘገይብን ነው።»

ንድድ አለኝ። እግሬ እየበሰበሰ ስለ ሁለት ቀን ታወራኛለች አልኩ በልቤ። «ተይው ዶክተር» አልኳት ጮክ ብዬ፤ «አብሪውና እንጨርስ።»

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። ድምፁም ያው የኔ ድምፅ፣ ችኮላውም ያው። ፊቴ የቆመችው ሴት ሥራዋን የምታውቅ፣ አንድ ጊዜ ላረጋግጥ የምትል ሰው ናት። እኔ ደግሞ ተይው እላታለሁ። ገመቹ ጎንበስ ሲል ጀርባው ታየኝ።

ዶክተሯ ወደ ዘነበች ዞር አለች። ዘነበች ምን ታውቃለች? «የመኪና መስታወት ነው የመታው ብሎኛል» አለቻት። መስታወት ከሆነ ችግር የለውም። በሩ ተከፈተልኝ ማለት ነው። «አዎ፣ መስታወት ነው» ብል ምናልባት ይበራል፤ ምናልባት ምንም አይሆንም፤ ምናልባት እግሬም ይተርፋል። ይህን ሁሉ አሰብኩ፤ ጨዋ ነኝ አልላችሁም።

«ብረት ነው» አልኩ። «እዚህ ጋ ነው። አልወጣም።»

ዶክተሯ ቁሩን ቀስ አድርጋ ቦታው መለሰች፤ የማሽኑን ገመድ ከግድግዳው ነቀለች፤ ከዚያ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«እኔን ምን ሊያደርጉኝ ነበር አቶ ሽፈራው?» አለችኝ። «ቢሞቱብኝ፣ ዕድሜ ልኬን ምን ብዬ እኖራለሁ?»

አለቀስኩ። ሃምሳ የደፈነ ሰውዬ፣ ሴቶች ፊት፣ በእጄ መዳፍ ሳልሸፍን አለቀስኩ። እኔ እንዴት እንደሚኖር አውቃለሁ ዶክተር፤ በቀን ሁለት ፓኬት እያጨሱ ነው የሚኖረው። ይህን ጮክ ብዬ ይሁን በልቤ ያልኩት እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ዘነበች ጮክ ብለህ ነው ያልካት ትለኛለች። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ገመቹን፣ ሰንሰለቱን፣ ቅርጫውን፣ ያልደረስኩትን ለቅሶ፤ የቅዳሜውን ማግኔት ሳይቀር። ማግኔቱን ስነግራት ዶክተሯ ዓይኗን ጨፈነች።

በማግስቱ በሲቲ ስካን ታየሁ። ፍንጣሪዋ እዚያው ናት፤ ጫፏ የራስ ቅሌን ወደ ውስጥ አልፋለች። ይህ ማሽን ለእኔ መቼም እንደማይሆን ዶክተሯ ሥዕሉን እያሳየች ነገረችኝ። ተስፋ እንዳልቆርጥ፣ በመድኃኒትና በምክር ከእኔ ጋር እንደምትቀጥል፣ አሁን ቢያንስ ከየት እንደምንጀምር እንዳወቀች ተናገረች። እኔ ግን እግሬን ቀበርኩት ብዬ ነው የወጣሁት።

ከዘነበች ጋር በባጃጅ ተመለስን። ቤት ገብተን ራት አቀረበች። አስራ ምናምን ዓመት ስለዋሸኋት ስድብ ጠበቅሁ፤ አልመጣም። በነጋታው ወደ ሥራዋ ስትወጣ በር ላይ ቆም ብላ «የገመቹ እናት በሕይወት አሉ?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። «እንግዲያው ቅዳሜ ሄደን እናያለን» ብላ ወጣች።

ቅዳሜ መተሐራ ወረድን። ሚኒባሱ ሐይቁን ሲያልፍ እጄ ኪሴን ይፈልግ ነበር፤ ዘነበች ይዛ አስቀመጠችው። የገመቹን ቤት ጠይቀን አገኘን። እናቱ አዴ ዲንቄ ይባላሉ፣ አዴ በኦሮምኛ እመት እንደማለት ነው፤ ያረጁ፣ ቀጭን፣ ዓይናቸው ግን ንቁ። ማን እንደሆንኩ ሳልናገር ፊቴን ለረጅም ጊዜ አዩት። በኋላ «ኮቱ፣ ታኢ» አሉኝና በእጃቸው መደቡን መታ መታ አደረጉ። ና ተቀመጥ ማለታቸው ነው። ጫማዬን አውልቄ እግራቸው ስር ተቀመጥኩና ጀመርኩ። ሰንሰለቱ ላይ ስደርስ በእጃቸው አቆሙኝ።

«ተወው ማለትህን በማግስቱ ሰምቻለሁ» አሉ። «ሻይ የምትሸጠው ጎረቤቴ አጠገባችሁ ነበረች። ሰው ይቸኩላል። ገመቹም እምቢ ማለት ይችል ነበር። በዚያ አልተቀየምኩህም።»

«ታዲያ በምን ተቀየሙኝ እናቴ?»

«ለቅሶ አልደረስክም። ልጄን መጨረሻ ያነጋገርከው አንተ ነህ። መጥቶ ምን እንዳለ ይነግረኛል ብዬ በር በሩን ሳይ ነበር።»

ነገርኳቸው። ሰንሰለቱን ላምጣ፤ ትንሽ ጠብቀኝ እንዳለኝ፤ ስጮህበትም ሳቅ እንዳለ ነገርኳቸው። «አዎ፣ እሱ ነው፤ እንደዚያ ነው የሚስቀው» አሉና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። ጎረቤቶች ሰምተው መጡ። በዚያ ቤት አስራ ዘጠኝ ዓመት ዘግይቶ ለቅሶ ተቀመጥኩ። ዘነበች የማታውቀውን ሰው ታለቅስ ነበር።

ልንነሳ ስንል እናቱ ሸሚዜን አሸተቱና አጫሽ መሆኔን ጠየቁኝ። ልጃቸው ከሞተበት ሰዓት ጀምሮ አልኳቸው። አዴ ዲንቄ ፊታቸው ተቆጣ።

«ስለ ልጄ ብለህ ከሆነ እኔ አላዘዝኩህም» አሉኝ። «እንዲህ ያለ ለቅሶ አልፈልግም።»

አንባቢዎቼ፣ ከዚህ በኋላ ሲጋራ ጠላሁ ብዬ እንዳልዋሻችሁ። አምሮቱ አልለቀቀኝም። እንክብሉን ወስጃለሁ፤ ዶክተሯ ጋ በየሳምንቱ እየሄድኩ ተቀምጬ አውርቻለሁ፤ ሌሊት በላብ ተጠምቄ ነቅቻለሁ። ልዩነቱ የምደብቀው ነገር ማለቁ ነው። ድሮ ባጨስኩ ቁጥር የማመልጠው ነገር ነበረኝ፤ አሁን የማመልጥበት ምክንያት አጣሁ። ማሽኑንም አትፍሩት። እኔ ቁጭ ብዬ ተራ ስጠብቅ በሱ ታግዘው ሲጋራ ያቆሙ ሰዎች አይቻለሁ፤ ያልሆነላቸውም አሉ። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ሐኪም ሲጠይቃችሁ እውነቱን ንገሩት። ጥያቄው መንጃ ፈቃድ ሊነጥቃችሁ አይደለም። በእናንተ ውሸት የምትጎዱት ደግሞ እናንተ ብቻ አይደላችሁም፤ እጁ ላይ የምትወድቁበት ሰው አለ።

ሐኪሙ ከጉልበት በታች ያለው ቀርቶ ሦስተኛዋ ጣቴ ብቻ ተቆርጣለች። ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ቁስል አልወጣም፤ እግሬ አለ፤ ፍሪሲዮን እየረገጥኩ ነው። አሁን ጅቡቲ መውረድ ትቼ በአይሱዙ በአዳማና በመተሐራ መሀል እመላለሳለሁ፤ መተሐራ በደረስኩ ቁጥር አዴ ዲንቄን ጠይቄ ነው የማልፈው።

በእነዚህ ወራት አንድ ጊዜ ተሸንፌያለሁ። ባለፈው ወር ነው፤ ጭነት አስቸግሮኝ፣ ከባለ ዕቃው ጋር ተጣልቼ፣ ከመንገድ ዳር አንድ ፍሬ ሲጋራ ገዝቼ ሐይቁ ጋ መኪናዬን አቆምኩና ለኮስኩ። ሁለት ጊዜ ሳብኩ። ስልኬን አወጣሁ። ለዶክተሯ ልደውል ብዬ ነበር፤ ጣቴ አዴ ዲንቄ ጋ ደወለ። ሐይቁ ጋ ቆሜ እያጨስኩ ነው አልኳቸው።

«ጣለውና ና» አሉኝ። «ቤት ነኝ።»

ጣልኩት። ሄድኩ።